የሾላ ውሃ የመጀመሪያ ቃል

ወለላ ማስተርሷን በጀመረችበት ዘመን የአየር ንብረት ለውጥ ማስተርስ ያልተማረ ሰው ማግኘት ከባድ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ተምሮታል፤ የታክሲ ተራ አስከባሪው ተምሮታል፤ በቀትር ሰዓት ለመንገደኛ ጥላ የሚያከራየው ጎረምሳ እንኳ ጥቁር ጋዋን ለብሶ የተነሳውን ፎቶ የድንኳኑ ምሰሶ ላይ ሰቅሎታል። በዩኒቨርሲቲው የሕግና የታሪክ ትምህርት ክፍሎች ከተዘጉ ቆይተዋል፤ ሕንፃዎቻቸውም ለአካባቢ አስተዳደር ተሰጥተዋል። ሰው ትምህርቱን ወዶት አልነበረም የሚማረው። ሥራ ያለው እዚያ ብቻ ነበር፤ ሥራውም ቀበሌ መዝጋት ነው።

"መዝጋት" ማለት ግን ክፍል ውስጥ ያስነውራል። የሚባለው "ማሳረፍ" ነው። ውሃዋ ያነሰ፣ ሙቀቷ ሰው ከሚችለው ያለፈ ቀበሌ ታርፋለች፤ ሰዎቿ ወደ ፎቅ መንደሮች ይዛወራሉ፤ የተረፈው ውሃ በቧንቧ ወደሚፈልገው ይሄዳል። ተማሪ ሁሉ ገና ሲገባ አንዲት ቀበሌ ይሰጠዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲለካት፣ አፈሯን ሲቆፍር፣ የጉድጓዷን ድምፅ ሲያዳምጥ ይከርማል፤ በመጨረሻ "ትቆይ" ወይም "ትረፍ" ብሎ ይጽፋል። ከዚያ በላይ ያሉት ሰዎች ደግሞ ይወስናሉ።

ከጠዋቱ ትምህርት በኋላ የቀትሩን ሙቀት የሚያስጠነቅቀው ሳይረን ጮኾ በሮች ሲዘጉ ተማሪዎቹ ምድር ቤት ተኮልኩለው፣ ሳምቡሳቸውን እየበሉ ያወራሉ።

"ያንቺዋ እንዴት አደረች?"

"ትናንት ትንሽ ቀና ብላ ነበር። ዛሬ ጉድጓዷ እንደገና ወረደ።"

"የኔዋስ አበቃላት። እሷም ትረፍ፣ እኔም ልረፍ።"

አስታማሚዎች ሆስፒታል ግቢ ውስጥ እንደሚያወሩት ነው የሚያወሩት። ወለላ መጀመሪያ ሰሞን ይህን ስትሰማ ይዘገንናት ነበር። ቆይታ እሷም "የኔዋ" ማለት ጀመረች፤ ሲውል ሲያድር ከልቧ አለችው።

የእሷዋ የገዛ አገሯ ሾላ ውሃ ነበረች። ቀደም ሲል ተማሪ የተወለደበትን ቀበሌ እንዳይዝ ይከለከል ነበር። በኋላ የማዛወሪያ ቢሮው አስጠንቶ፣ ሰው ክፉ ወሬ ከገዛ ልጁ ሲሰማ ብዙም አያስቸግርም የሚል ውጤት ስላገኘ ክልከላው ተነሳ። ወለላ ሾላ ውሃን ስጡኝ ብላ ስታመለክት ጓደኞቿ አበደች አሏት። እሷ ግን ሌላ ቀበሌ ቢሰጧት ኖሮ ትምህርቱን ጥላ ትሄድ ነበር፤ የመጣችው ለሌላ ጉዳይ አልነበረምና።

ሾላ ውሃ ከሸዋ ደጋ ወደ አፋር በሚወርደው ቁልቁለት ወገብ ላይ ያለች ቀበሌ ናት። ገደሉ ሥር ሾላዎች አሉ፣ ከሾላዎቹ ሥር ምንጭ፣ ከምንጩ በታች የማሽላና የሽንኩርት ማሳ። በዙሪያዋ ያሉት ቀበሌዎች አንድ በአንድ ሲያርፉ ሰዉ ተራው እየቀረበ መሆኑ ገብቶታል። አንድ እሑድ የእድሩ አባላት የተቀደደውን ድንኳን ለማስጠገን በተሰበሰቡበት፣ ሊቀመንበሩ አባባ ናሆም ብድግ ብለው "እነዚህ ሰዎች የሚመጡብን በትምህርት ነው፤ እኛም አንድ የተማረ ሰው እናብጅ" አሉ። ሁሉም ዞሮ ወለላን አየ። ከመንደሩ ልጆች ትምህርት የሚገባት እሷ ነበረች። "ተምራ ታድነናለች" ተባለ፤ እናቷ ቃልኪዳን እልልታዋን ለቀቀችው፤ ነገሩ በዚያው ተወሰነ። ልጅቷ ትፈልግ እንደሆነ የጠየቃት የለም። ቢጠይቋትም እሺ ማለቷ አይቀርም ነበር።

የቃልኪዳን ሁለተኛ ልጅ አቤኔዘር በሌላ አቅጣጫ ነው የሄደው። አፋር በረሃ ከተዘረጉት የፀሐይ ኃይል መስኮች አንዱ ላይ ተቀጥሮ ከመስታወት ላይ አቧራ ይጠርጋል። የሾላ ውሃ ጎረምሶች አብዛኞቹ እዚያው ናቸው። ቀትር ላይ ጥላ ያልደረሰ ይወድቃል፤ ከወደቀውም ብዙው አይነሳም። በቅርብ ዓመታት የእድሩ ድንኳን የተተከለው ከሞላ ጎደል ለእነሱ ነው። ቃልኪዳን ስልኳን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትውላለች፤ አንጠልጥላውም ትተኛለች። ልጇ ሲደውል "በላህ?" ሳይሆን "ጥላ ውስጥ ነህ?" ነው የምትለው።

ወለላ ሁለት ዓመት ለፋች። ልፋቷም መና አልቀረም፤ ነገሩን አገኘችው። ምንጩ አልደረቀም። ከቁልቁለቱ ግርጌ ያለው፣ የፎቅ መንደሮቹን የሚያቀዘቅዘው ጣቢያ የቆፈራቸው ጥልቅ ጉድጓዶች ከሥሩ እየሳቡት ነው እንጂ ገደሉ አሁንም ዝናብ ያጠራቅማል። ጉድጓዶቹ ሁለት ክረምት ብቻ ቢያርፉ ምንጩ እንደ ድሮው ይፈስሳል። ይህን በለካችው፣ በቀዳችው፣ ባሳየችው ሁሉ አስረዳች። በመጨረሻም "ትቆይ" ብላ ጻፈች። ያን ሰሞን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ብቻዋን ስትስቅ ያዩዋት አሉ።

አማካሪዋ ዶክተር ፌቨን ይባላሉ፤ ጡረታቸው የተቃረበ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሴት ናቸው። ውጤት የወጣ ዕለት ቢሯቸው ጠርተው፣ በሩን ዘግተው፣ ከራሳቸው ኮዳ ውሃ ቀዱላት። በዚያ ዘመን ከራሱ ኮዳ የሚቀዳልህ ሰው ደግ ወሬ አይነግርህም።

"ጽሑፍሽ ከፍተኛውን ውጤት አግኝቷል" አሏት። "በትምህርት ክፍላችን እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም።"

"ሾላ ውሃስ?"

"ትረፍ ተብሏል።"

ወለላ ብርጭቆውን አስቀመጠች። "እንዴት? ምንጩ ይመለሳል እኮ! አሳይቻለሁ እኮ!"

"ስላሳየሽ ነዋ፣ ወለላዬ።" ዶክተሯ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። "ነገ የሚደርቅ ውሃ ማን ይፈልጋል? የሚመለስ ውሃ መሆኑን ያረጋገጥሽላቸው አንቺ ነሽ። 'ሞቷል' ብለሽ ጽፈሽ ቢሆን ኖሮ ቧንቧ ለመዘርጋት የሚደክም ሰው አልነበረም።"

ወለላ አሁን ገባት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሌት ተቀን የለፋችው ቀበሌዋን ሽጣ ለማታውቀው ሰው ልታስረክብ ኖሯል። ማልቀስ ፈለገች፤ ግን በዚያ ቢሮ ብዙ ተማሪ አልቅሶ ስለሚያውቅ አፈረች።

አንድ ነገር ቀርቷት ነበር፤ የመጀመሪያ ቃል የሚባለው ሕግ። ድሮ ቀበሌ ሲዘጋ ሰው በስብሰባ ብዛት ወራት ይፈጅ ነበር አሉ። ያ እንዳይሆን ተብሎ የወጣው ሕግ አጭር ነው፦ ተማሪው ውሳኔውን በነዋሪው ፊት ያነባል፤ ንባቡ እንዳበቃ ከሰዉ አፍ መጀመሪያ የሚወጣው ቃል የሕዝቡ መልስ ሆኖ ይመዘገባል። "አይሆንም" ከተባለ ጉዳዩ ወደ ዳግም ችሎት ይሄዳል፤ ችሎቱ ሁለት ክረምት ይወስዳል፤ እስኪያልቅ ድረስ ያንን ውሃ ማንም አይነካውም፣ ጥልቅ ጉድጓዶቹም ይታሸጋሉ። ሌላ ማናቸውም ቃል ግን መቀበል ነው። ዝምታም መቀበል ነው። አንድ ቦታ ላይ አንዲት ሴትዮ "ምነው ሞቀ?" ማለታቸው መቀበል ሆኖ ተመዝግቧል። ውሳኔውን ለነዋሪው አስቀድሞ ሹክ ያለ ተማሪ ደግሞ ማስተርሱን ይነጠቃል፤ ቀበሌዋም በዚያው ቀን ታርፋለች።

ሁሉም ተማሪ የሚያነበው ቀትር ላይ፣ ሳይረኑ ሰዉን አዳራሽ ውስጥ ከሰበሰበው በኋላ ነው። ሰዉ በሙቀት ፈዝዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ዝም ይላል። እስከዚያን ቀን ድረስ "አይሆንም" ያለች ቀበሌ አልነበረችም።

"መመሪያው በምን መልክ ይነበብ ይላል?" አለች ወለላ ድንገት።

"'የአካባቢው ባህል በሚፈቅደው መንገድ' ይላል። ልብ ብሎ ያነበበው ግን የለም።"

"በኛ አገር ክፉ ወሬ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። በሽማግሌ።"

ዶክተር ፌቨን ዘወር ብለው አዩዋት። "እኔ ምንም አልሰማሁም" አሉ። "መመሪያው ግን አይከለክልም።"

የወለላ ሐሳብ ይህ ነበር። በልጅነቷ ከትልልቆች ኋላ ኋላ እየሄደች ስንቱን መርዶ አይታለች። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች ጎህ ሲቀድ በር ላይ ሲቆሙ፣ ወሬው ሲነገር፣ አንድም ሰው እሺ ብሎ ሲቀበል አይታ አታውቅም። "አይሆንም!" ይላል ሰው። "ውሸት ነው!" ይላል። ደረቱን እየደቃ መሬት ላይ ይወድቃል። ሳያስብበት፣ ማንም ሳያስተምረው ነው የሚለው። ሹክ ማለት አያስፈልግም። ሾላ ውሃ የምትሞት መሆኗን እንደ ሞት ቢሰሙት አፋቸው ራሱ እምቢ ይላል። በዚህ ተማምና ከቢሮው ወጣች። ደረጃው ላይ ስትደርስ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች፤ ለቅሶው ውስጥ ግን ተስፋ ነበረበት።

ወደ ሾላ ውሃ የወረደችው ከማዛወሪያ ቢሮው በተመደበላት ሹም ጋር ነው። አቶ ኢዮስያስ ይባላል፤ ጉንጩ የጎደጎደ፣ ከአፉ ቆሎ የማይለይ ሰው። የሰዉን የመጀመሪያ ቃል የምትመዘግበውን ትንሽ መሣሪያ፣ ቃል መቀበያዋን፣ እንደ ክታብ በአንገቱ አንጠልጥሏታል። አውቶቡሱ ውስጥ ብዙም አላወሩም። አንዴ ብቻ "ስንቱን አሳረፍኩ መሰለሽ" አላት፤ "ሰው መጀመሪያ የሚለኝን ብነግርሽ አታምኝም። አንዱማ 'ውሃ አለ?' ብሎ ጠየቀኝ።" ሳቀ ልትለው አትችልም፤ ቆሎው ትን አለው።

መንገድ ላይ አቤኔዘር ደወለላት። ጥላ ውስጥ ነበር። አዲስ አለቃ እንደመጣላቸው፣ እናታቸው በርበሬ እንድትልክለት እንድትነግርለት፣ ለገና እረፍት ለማግኘት እንደሚሞክር አወራት። ድምፁ ደህና ነበር። ወለላ ደስ አላት፤ ስልኩን ዘግታ ስለ ወንድሟ ማሰቡን ተወችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ልቧ እንደ ታማሚ የያዘው ሌላዋን፣ ሾላ ውሃን ነበር።

ማታ ከቀበሌዋ ወጣ ብሎ ካለው ጤና ጣቢያ አደሩ። ገና ሳይነጋ ወለላ ብቻዋን ወደ አባባ ናሆም ቤት ወጣች። ሽማግሌው አጥሩ ሥር ሆነው ፊታቸውን በእርጥብ ጨርቅ ሲያብሱ አገኘቻቸው፤ በውሃ መታጠብ ከቀረ ቆይቷል።

"ወለላ? አንቺ ነሽ?" ነጠላዋን አዩ። እንዳዘቀዘቀችው ነበር። ጨርቁ ከእጃቸው ወደቀ።

"አባባ፣ መርዶ ይዤ መጥቻለሁ። ሰው ይሰብስቡልኝ።"

"የማን ነው ልጄ?"

ወለላ ከንፈሯን ነከሰች። ሹሙ ከጤና ጣቢያው ተነሥቶ እየመጣ ነው፤ አንዲት ቃል ካመለጠቻት ሁሉም ነገር ያበቃል። "መናገር አልችልም" አለች። "የሁላችንም ነው። ሾላው ሥር ይሁን፣ ሁሉም እዚያ ይምጣ።" እንባዋ ሳታስበው ዱብ ዱብ አለ።

አባባ ናሆም ትክ ብለው አዩዋት። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ መርዶ ሲያረዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ልጅቷ ከከተማ ድረስ መጣች፤ ነጠላዋ ተዘቅዝቋል፤ ከኋላዋ የመንግሥት ሰው እየመጣ ነው፤ የማን እንደሆነ ለመናገር አፏ አልታዘዝ ብሏል። ወንድሟ ደግሞ በረሃ ነው። ይህን ለመገመት ማስተርስ አያስፈልግም። ትከሻዋን ያዙ።

"ገብቶኛል፣ ልጄ። ተይው፣ ለኔ ተይው።"

ወለላ የገባቸው መስሏት ራሷን ነቀነቀች። አቤት፣ ያን ጊዜ ብታውቅ!

ሰዉ በዝምታ ተሰበሰበ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናነቡ። ማንም ማንንም አልጠየቀም፤ በመርዶ መንገድ ላይ አይጠየቅም። አቶ ኢዮስያስ ቃል መቀበያዋን ከፍቶ ከኋላ ተከተለ። አባባ ናሆም ቀድመው ይሄዱ ጀመር። ወደ ሾላዎቹ የሚታጠፈው መንገድ ላይ ሲደርሱ ግን ቀጥ ብለው አለፉት።

"አባባ፣ በዚህ ነው" አለች ወለላ።

አንዲት ሴት ክንዷን አጥብቃ ያዘቻት። "አይዞሽ እቱ" አለቻት በሹክሹክታ። "አይዞሽ፣ እግዜር ያጽናሽ።"

ወለላ ቀና ብላ መንገዱን አየች። ሰዉ ሁሉ እየሄደ ያለው ወደ እናቷ ቤት ነው። ያን ጊዜ ስህተቷ ገባት። መርዶ በር አለው፤ ሰው ቤት ነው የሚሄደው። ሾላ ሥር ተቆሞ ለቀበሌ መርዶ ሲነገር ማን አይቶ ያውቃል? እንዲህ ያለ ነገር የሚታሰበው ዩኒቨርሲቲ ምድር ቤት ውስጥ "የኔዋ" ሲባባሉ ለኖሩ ሰዎች ብቻ ነው። ልትጮኽ አፏን ከፈተች፤ ምን ብላ ትጩኽ? አቤኔዘር ደህና ነው ብትል፣ ታዲያ የማን መርዶ ነው ሊሏት ነው። ሹሙ እዚያው ነው፤ ቃል መቀበያዋም ተከፍታለች።

ቃልኪዳን ለዶሮዎቿ ጥሬ ልትበትን ወደ ደጅ ብቅ ብላ ነበር። ሰዉን አየች። የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየች። ከሰዉ መሃል የልጇን ፊት አየች። ጥሬው ከነቆሪው ወደቀ።

"አይሆንም!" አለች። ድምፅዋ የሰው ድምፅ አይመስልም ነበር። "አይሆንም! አይሆንም! ልጄን! አቤኔዘርን! ውሸት ነው!" ደረቷን ደቃችው፣ መሬት ላይ ወደቀች። ሴቶቹ ተሯሩጠው ያዟት፤ እነሱም አብረው ጮኹ። "ወየሁ! ወየሁ አቤኔዘር!" መንደሩ በአንድ አፍ አለቀሰ። አባባ ናሆም ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

አቶ ኢዮስያስ ወደ ወለላ ተጠጋ። የተፈጠረው ነገር ገብቶታል፤ ከገባውም ቆይቷል። ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ፣ ከንፈሩን እንኳ ብዙ ሳያንቀሳቅስ "አንብቢ" አላት።

"ምን?"

"አሁን አንብቢ። እየጮኸች እያለች።" ቆሎውን ተፋ። "ካነበብሽ በኋላ ይቺ የምትመዘግበው መጀመሪያ የምትሰማውን ቃል ነው። ስለምንድን ነው የሚጮኹት ብላ አትጠይቅም፣ እቃ ናት።"

ወለላ ገባት። ውሳኔው አጭር ነው፤ በቃሏ ታውቀዋለች። አሁን ብትለው የሚከተለው ቃል የእናቷ "አይሆንም" ነው። ሾላ ውሃ ወደ ችሎት ትሄዳለች፤ ጉድጓዶቹ ይታሸጋሉ፤ ሁለት ክረምት ይመጣል፤ ምንጩ ይመለሳል። የሚያስፈልገው እናቷ ለጥቂት ትንፋሽ ያህል ልጇ የሞተ መስሏት እንድትቆይ ብቻ ነው። ከዚያ ይነገራታል፤ ትስቃለች፤ ይቅር ትላታለች። ሁሉም ይቅር ይሏታል። ለዚህ ነበር የላኳት።

"የሾላ ውሃ ቀበሌ..." ብላ ጀመረች።

ቃልኪዳን ፊቷን በጥፍሯ ቧጠጠችው። ደም ወጣ። "ጥላ ውስጥ ነኝ ብሎኝ ነበር እኮ!" አለች። "ትናንት እኮ ጥላ ውስጥ ነኝ ብሎኛል!"

ወለላ አልቻለችም። ሰዉን እየገፋች ሄዳ እናቷ ላይ ተደፋች። "እማዬ! እማዬ ስሚኝ! ደህና ነው! አቤኔዘር ደህና ነው፣ ትናንት አውርቼዋለሁ፣ በርበሬ ላኪልኝ ብሎሻል! ማንም አልሞተም!"

ቃልኪዳን የልጇን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ዓይኗን ፈተሸች፤ እውነቷን ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር መግለጽ ያስቸግራል። እልልታ ነበር፤ መሬት የሳመም ነበር፤ አባባ ናሆም እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ አይለይም። "አንቺ ገዳይ! ምን ብለሽ ነጠላ አዘቀዘቅሽብን!" እያሉ ሴቶቹ ወለላን ጀርባዋን መቷት፤ እየመቱም ሳሟት።

"ታዲያ ምን ልትነግሪን ነው የመጣሽው?" አለች ቃልኪዳን፣ ፊቷ ላይ ያለውን ደም በነጠላዋ እየጠረገች። ገና ትንፋሿ አልተመለሰም።

አቶ ኢዮስያስ ወደ ወለላ አየ፤ አሁን ግን ምንም አላላትም። ማንበብ ግዴታዋ ነው። ቆመች። ውሳኔውን በቃሏ አለችው። "የሾላ ውሃ ቀበሌ በአካባቢ አስተዳደር ውሳኔ እንድታርፍ ተወስኗል። ነዋሪዎቿ ይዛወራሉ። ውሃዋ ለሌላ አገልግሎት ይውላል።" ከዚያ ዓይኗን እናቷ አፍ ላይ ተክላ ጠበቀች። በይ፣ አለች በልቧ። እማዬ፣ በይ፣ እባክሽ። አሁን ያልሽውን ድገሚው።

ቃልኪዳን ልጆቿ ሁለቱም በሕይወት ያሉ ሴት ናት። ፊቷ ገና በደስታ እንደበራ ነበር።

"ይኸው ነው?" አለች። "ኧረ ተመስገን!"

"ተመስገን!" አለ ሰዉ ሁሉ ተቀብሎ። "ተመስገን! ሰው ከተረፈ!"

ቃል መቀበያዋ ድምፅ ሳታሰማ ተዘጋች። አቶ ኢዮስያስ ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ከተታት። ወለላ ፊት ለፊት ቆመ። መመሪያው የሚያዘው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ እሱን አለ። "የመስክ ግዴታሽን ፈጽመሻል። ከዚህ ሰዓት ጀምሮ በአካባቢ አስተዳደርና በአየር ንብረት ለውጥ ማስተርስ ዲግሪሽን ይዘሻል።" ይህን ብሎ ፊቱን አዞረ።

ቀርበው የሰሙት አባባ ናሆም ነበሩ። ምርኩዛቸውን ወደ ሰማይ አነሱ። "ስሙ! ስሙ እንጂ! ልጃችን ተመርቃለች! ማስተርሷን ይዛ ነው የመጣችው!"

እልልታው እንደገና ቀለጠ። ከመጀመሪያውም በረታ። ተምራ ታድነናለች ብለው የላኳት ሰዎች ናቸው፤ ይኸው ተማረች። አንዷ የራሷን ሻሽ ፈትታ ትከሻዋ ላይ ጣለችላት፤ አንዱ "ዶሮ ይታረድ!" ብሎ ጮኸ፤ ልጆቹ ዙሪያዋን ጨፈሩ። ወለላ መሃል ላይ ቆማ በተራ በተራ ሁሉንም አየቻቸው። እያንዳንዱን ታውቃለች። የትኛው ከየትኛው ቦይ ማሳውን እንደሚያጠጣ፣ ማን ከማን ጋር በወሰን እንደተጣላ፣ የማን ማንጎ ቀድሞ እንደሚበስል ታውቃለች። ሁሉም በየፎቁ ይበታተናሉ፤ ማን ከማን ጎረቤት እንደሚሆን የሚወስነው ደግሞ ቢሮው ነው። እነሱ ገና አልገባቸውም። ለቅሷቸውን አስቀድመው ላልሞተ ሰው ጨርሰውታል፤ ለሾላ ውሃ የቀራት እልልታ ብቻ ነው።

እዚያው፣ በተበተነው ጥሬ ላይ፣ ቁጭ ብላ ተንሰቀሰቀች። ደረቷን ልትደቃ እጇን አነሳች፤ ሴቶቹ ያዙባት። ከመርዶ በኋላ ሰው እንደሚያዝ አድርገው ግራና ቀኝ ያዟት፤ አንዷ ውሃ ረጨቻት፣ ከዕለት ድርሻዋ። "ደንግጣ ነው" ተባባሉ። "ልጅ አይደለች፣ ሰው ስታስደነግጥ እሷም ደነገጠች።"

ቃልኪዳን ጎንበስ ብላ የልጇን ራስ ወደ ጉያዋ ወሰደችው። ፊቷ ላይ ያለው ጭረት ገና ደም ያዥ ነበር፤ ፈገግ ስትል ይሳባል።

"በቃ፣ በቃ ወለላዬ። ምን ያስለቅስሻል? ማን ሞተና?" እንባዋን በመዳፏ ጠረገችላት። "ሰው አልሞተም እኮ፣ ልጄ። በይ አንቺም ተመስገን በይ።"

ወለላ እናቷን አየቻት። ሰዉ ሁሉ ይጠብቃታል።

"ተመስገን" አለች።